ባለሁለት ወገን ውል ሲጓደል ሕግ ስለሚሰጠው መፍትሔ

መኸር ተወቅቶ እህል ወደ ጎተራ በሚገባበት ወራት በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ውል የሚቀርበው አቤቱታ ይበዛል። ገበሬው፦ ነጋዴው በቀጠሮው ቀን መጥቶ እህሌን አላነሣልኝም ይላል፤ ነጋዴውም፦ ዘርና ማዳበሪያ አስቀድሜ ሰጥቼው ሳለ የዋጋውን ከፍ ማለት በሰማ ጊዜ ምርቱን ለሌላ ሸጠብኝ ብሎ ይከሳል። በሁለቱ መካከል የቆመው ሹም ሕጉን ካላወቀ አንዱን በማዘን፥ ሌላውን በቍጣ ይሸኛል፤ ከዚህም የተነሣ በውል የማምረት ሥራ በአገሩ ስሙ ይጠፋል፤ በሚመጣውም ዓመት ዘር የሚያበድር ነጋዴ፥ ማሳውንም በውል የሚያርስ ገበሬ አይገኝም። ስለዚህ አንደኛው ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር ለሌላው ወገን ሕግ የሰጠው መብት ምን እንደ ሆነ፥ በዚያም መብት በምን ሥርዓት እንደሚሠራበት ከዚህ ቀጥሎ ይገለጣል።

ውል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ብቻ የሚሆንበት ውል አለ፤ አባት ለልጁ በሬ ቢሰጠው ልጁ በምላሹ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። እዚህ የሚነገረው ግን እያንዳንዱ ወገን ባለዕዳም ባለገንዘብም ስለሚሆንበት ውል ነው። የአንደኛው ተስፋ ለሁለተኛው ተስፋ ምክንያቱ ነውና፥ አንዱ ሲጓደል ሌላው እንደ ነበረ ሊቆም አይችልም። ባላገሩ ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በመቃናጆ ሲጠምዱ፥ በሬውን ለጎረቤቱ ቀን ያዋለው ሰው በማግሥቱ የጎረቤቱ በሬ ከርሱ ማሳ ላይ እንዲውል ይጠብቃል። በወንፈልም የታጨደለት ሰው የአጫጆቹ ተራ በደረሰ ጊዜ ማጭዱን ይዞ ካልወጣ በሠፈሩ ዘንድ ስሙ እንደሚነሣ ማንም አይስተውም። በአርሲና በባሌ የብቅል ገብስ የሚዘራው ገበሬ ከፋብሪካ ወይም ከነጋዴ ጋር የሚዋዋለው ውል ከዚህ የሚለየው በጽሕፈትና በገንዘቡ ብዛት እንጂ በሐሳቡ አይደለም።

በቀድሞው ዘመን በዚህ ነገር የሚፈረደው በፍትሐ ነገሥትና በየአገሩ ልማድ ነበር። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሠራበታል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ 3367 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፥ በሕጉ ውስጥ በተነገረ ጉዳይ ሁሉ ከዚያ በፊት የነበረውን የተጻፈም ሆነ ያልተጻፈ ልማድ ሽሮ ተተክቷል። ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል ከአንቀጽ 1675 ይጀምራል። የዚህ ክፍል ሥር የሆነው አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ እንደሚቈጠር ያዝዛል። ስለዚህ የወረዳው ሹም ውሉን ሲያነብ የሁለት ሰዎችን ጨዋታ ሳይሆን በሁለቱ ላይ የጸናውን ሕግ እያነበበ መሆኑን ያስብ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅም ስለዚሁ ሥራ በተለይ የተደነገገ ስለ ሆነ፥ ይህ ጽሑፍ ከሚያስረዳው ጠቅላላ ሕግ ጋር አብሮ መነበብ ይገባዋል።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ቀላሉና ዳኛ ሳይጠየቅ የሚገኘው የራስን ግዴታ ይዞ መቈየት ነው። አንቀጽ 1757 እንደሚለው አንድ ሰው ሌላው ወገን ውሉን እንዲፈጽምለት ለመጠየቅ የሚችለው፥ የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ወዲያው ለመፈጸም የተዘጋጀ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ክፍያውና ርክክቡ በአንድ ጊዜ እንዲሆን ውል የተደረገበት ገበሬ፥ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ሳይቀርብ ጆንያዎቹን ከሚዛን ወደ መኪና እንዲያወጣ አይገደድም። ነጋዴውም በበኩሉ እህሉ ሳይመዘን ገንዘቡን ቍጠር ቢባል እምቢ ለማለት መብት አለው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች እየተፋጠጡ ቢቆሙ አጥፊ የሚባለው እኔ ዝግጁ ነኝ ብሎ በምስክር ፊት ሊያሳይ የማይችለው ነው።

ዳሩ ግን በግብርና ውል ግዴታዎቹ በአንድ ቀን የሚፈጸሙ አይደሉም። ዘሩ በግንቦት ወይም በሰኔ ይሰጣል፤ ምርቱ በታኅሣሥ ይገባል፤ ገንዘቡ ምናልባት በጥር ይከፈላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቀድሞ መፈጸም ያለበት ወገን፦ አንተ አስቀድም ለማለት አይችልም፤ ተራው በውሉ ተወስኗልና። ዘሩን በሰኔ ለመስጠት የተዋዋለ ነጋዴ፥ ገበሬው በታኅሣሥ ምርቱን እንደሚያስገባ መያዣ ካልሰጠኝ ዘሩን አልሰጥም ቢል፥ መያዣ በውሉ ካልተጻፈ በቀር ራሱ አጥፊ ይሆናል። ለዚህ ደንብ ግን አንቀጽ 1759 አንድ መውጫ አበጅቶለታል፤ ይኸውም ሌላው ወገን ግዴታውን እንደማይፈጽም በግልጥ ያሳየ እንደ ሆነ፥ ወይም ዕዳውን ለመክፈል አለመቻሉ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ቀድሞ መፈጸም የነበረበት ሰው ሊያቆም ይችላል፤ በቂ ዋስትና ከተሰጠው ግን መቀጠል አለበት። ነጋዴው ሊከስር ነው የሚል የገበያ ወሬ ብቻ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ግዴታን ይዞ መቈየት ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ቅሉ፥ ከጥፋቱ ጋር መመዛዘን ይገባዋል። ሃምሳ ኩንታል ማዳበሪያ ለማቅረብ የተዋዋለ ሰው አርባ ዘጠኙን አምጥቶ አንዱ በመንገድ ቢቀደድበት፥ ገበሬዎቹ ስለዚች አንዲት ኩንታል ብለው ምርቱን ሁሉ ቢይዙ ቅን ልቦና የለበትም። ሕጉ ውል ሁሉ በቅን ልቦና እንዲተረጐም ያዝዛልና።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው፤ አንቀጽ 1771 በአንድነት ይዟቸዋል። ግዴታው ያልተፈጸመለት ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ ውሉ በግድ እንዲፈጸምለት፥ ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት መጠየቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ራሱ መሰረዝ ይችላል፤ በዚህም ላይ የደረሰበትን ኪሣራ ለመጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ በር አለ፤ በዚያ በር ያላለፈ ሰው እውነተኛ ቢሆንም ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ይህም በር ማስጠንቀቂያ ነው።

አንቀጽ 1772 ባለገንዘቡ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ባለዕዳው እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይወስናል። ብዙ ገበሬ የሚሸነፈው በዚህ ነው። ነጋዴው በታኅሣሥ 15 ሊመጣ ተዋውሎ ሳይመጣ ይቀራል፤ ገበሬው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያለ እስከ የካቲት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ሲጨንቀው እህሉን በርካሽ ይሸጠዋል። ከዚያ በኋላ ቢከስስ ነጋዴው፦ ማን ጠየቀኝ? እኔ መጥቼ ልወስድ ሳለ እህሌን ሸጠብኝ ብሎ መልስ ይሰጣል። ሁለት መስመር ጽሕፈት በታኅሣሥ 16 ቀን ብትላክ ይህ መልስ ባልተገኘም ነበር።

ማስጠንቀቂያ የረዘመ ክስ መሆን አያስፈልገውም። የውሉን ቀን፥ የሚጠየቀውን ነገር፥ እስከ መቼ እንዲፈጸም እንደሚፈለግ ቢገልጥ ይበቃል። ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ብሎ አላሰረውም፤ ባለገንዘቡ ግዴታው እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ ማናቸውም ሌላ ሥራ ይበቃዋል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ሽማግሌዎች ይዞ ከነጋዴው ደጅ ቢሄድና ቢጠይቀው ማስጠንቀቂያ ነው። ዳሩ ግን በስልክ ብቻ የተነገረ ቃል ለመካድ ስለሚቀል፥ በጽሕፈት ማድረግ ይሻላል። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ ግዴታው የሚፈጸምበት ቀን ሳይደርስ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም።

ባለገንዘቡ በማስጠንቀቂያው ውስጥ፦ ከዚህ ቀን ካለፈ አልቀበልም ብሎ ጊዜ ለመወሰን ይችላል፤ ይህ ጊዜ ግን እንደ ነገሩ ጠባይ የሚበቃ መሆን አለበት። በሌላ ንግድ አሥራ አምስት ቀን አጭር ሊባል ይችላል፤ በግብርና ግን ጊዜውን የሚለካው ዝናሙ ነው። ማሳው ታርሶ፥ እርጥበቱ ገብቶ፥ የዘር ቀን ሲያመልጥ የሚያየው ገበሬ ዘሩን ላላመጣለት ሰው አንድ ወር እንዲጨምር ማስገደድ ሕጉ ያሰበው ነገር አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ቢሰጥ የሚነቀፍ አይሆንም። ምርት ስለ መረካከብ በሆነ ጊዜ ግን፥ እህሉ ደርቆ በጎተራ ያለ ከሆነ፥ ከዚህ ሰፋ ያለ ጊዜ መስጠት ይገባል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። አንቀጽ 1775 እንደሚገልጠው ግዴታው አንድ ነገር አለማድረግ የሆነ እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ ገበሬው ለሌላ አልሸጥም ብሎ ተዋውሎ የሸጠ እንደ ሆነ፥ ካለፈ በኋላ ማስጠንቀቅ ከንቱ ነው። እንደዚሁም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚገባው ነገር ጊዜው ያለፈ እንደ ሆነ፥ ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ያስታወቀ እንደ ሆነ፥ ወይም ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ቀኑ በማለፉ ብቻ ጥፋተኛ ይሆናል ተብሎ በውሉ የተጻፈ እንደ ሆነ አያስፈልግም። ለወረዳ ሹማምንት የሚመከረው ግን እነዚህን ልዩነቶች አለመታመን ነው፤ ማስጠንቀቂያ የጻፈ ሰው የሚያጠፋው አንድ ወረቀት ነው፤ ሳይጽፍ የቀረ ሰው ግን የዓመቱን ምርት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ ግድ አፈጻጸም ብዙ ሰው የሚያስበው ሕጉ ከሚፈቅደው ይበልጣል። ዳኛ ውሉ እንዳለ ይፈጸም ብሎ የሚያዝዘው ሁለት ነገሮች ሲገኙ ነው፤ አንደኛ ለጠያቂው የተለየ ጥቅም የሚሰጠው ሲሆን፥ ሁለተኛም የባለዕዳውን የሰውነት ነጻነት ሳይነካ ለመፈጸም የሚቻል ሲሆን ነው። አንድ ሰው ዝርያው የታወቀ ኮርማ ለመሸጥ ተዋውሎ እምቢ ቢል፥ ያንኑ የመሰለ ከሌላ ስለማይገኝ ኮርማውን እንዲያስረክብ ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን በመቃናጆ የተጣመረ ሰው መጥቶ እንዲያርስ፥ በወንፈል የታጨደለትም ሰው ወጥቶ እንዲያጭድ ፖሊስ ልኮ ማስጐተት አይቻልም። አንቀጽ 1776 የሚጠብቀው ይህን ነው። በሌላው አገር ሕግ እንደሚደረገው ሁሉ በእኛም የጉልበት ዕዳ ወደ ገንዘብ ይለወጣል እንጂ ሰውን አያስርም። ምርቱን አላስገባም ስላለ ብቻ ገበሬውን በጣቢያ ማሳደር ለውሉ ማስፈጸሚያ የማይሆን፥ ይልቁንም አሳሪውን ራሱን ተጠያቂ የሚያደርግ ሥራ ነው።

ለእህል፥ ለዘርና ለማዳበሪያ ከዚህ የሚሻል መንገድ ተዘጋጅቷል። እነዚህ ነገሮች አንዱ ኩንታል በሌላው ኩንታል የሚተኩ ናቸውና፥ አንቀጽ 1778 ባለገንዘቡ በባለዕዳው ኪሣራ ከሌላ እንዲገዛ ፍርድ ቤት ሊፈቅድለት እንደሚችል ይናገራል። ዘር ያላገኘ ገበሬ ነጋዴውን ሲጐትት ሰኔን ከሚያሳልፍ ይልቅ፥ በዚህ አንቀጽ ፈቃድ ጠይቆ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከገበያ ይገዛል፤ የዋጋውን ልዩነት ውሉን ያፈረሰው ሰው ይከፍላል። ሥራ ስለ መሥራት የሆነ ግዴታም እንዲሁ ነው፤ በትራክተር ሊያርስ የተዋዋለ ሰው ቢቀር ሌላ ትራክተር ተከራይቶ ማሳረስ በአንቀጽ 1777 ሊፈቀድ ይችላል። ለእርሻ ሥራ ከሁሉ የሚጠቅመው መፍትሔ ይህ ሆኖ ሳለ በጣም ጥቂት ሰው ሲጠቀምበት ይታያል። የወረዳው ሹም ለአቤት ባዩ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ ይህን ነው።

ወደ መሰረዝ የሚኬደው ውሉን ማዳን ተስፋ ሲታጣ ነው። ሕጉ ዳኛው ውልን በቀላሉ እንዳይሰርዝ ይጠነቀቃል፤ የተጓደለው ነገር የውሉን ዋና ነገር የሚነካ፥ ጠያቂውም ይህ እንደሚሆን ቢያውቅ ኖሮ ውሉን ባልተዋዋለ ነበር የሚያሰኝ መሆን አለበት። አርባ ኩንታል የብቅል ገብስ ሊያስገባ ተዋውሎ ሠላሳ ዘጠኝ ኩንታል ያስገባ ገበሬ፥ ወይም በሁለት ቀን የዘገየ ገበሬ ውሉ ሊሰረዝበት አይገባም፤ የጐደለው ይታሰባል እንጂ። ለብቅል የማይሆን፥ ነቅዞ ወይም ረጥቦ የማይበቅል ገብስ ቢያስገባ ግን ነጋዴው የፈለገውን ነገር አላገኘምና፥ መሰረዝ ተገቢ ይሆናል። በዚህ ረገድ ተቀባዩም ግዴታ አለበት፤ የተረከበውን እህል ጊዜ ሳያሳልፍ መመርመርና ጉድለት ካለበት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። ጆንያውን በመጋዘን ከትቶ ሁለት ወር ካሳለፈ በኋላ የገበያ ዋጋ ሲወርድ፦ እህሉ ጥራት የለውም ብሎ የሚነሣ ገዢ ንግግሩ አይታመንም።

ዳኛ ሳይጠየቅ ራስን በራስ መሰረዝም በተወሰነ ምክንያት ተፈቅዷል፤ ይኸውም እንዲህ ያለ መብት በውሉ ሲጻፍ፥ በማስጠንቀቂያው የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ፥ ግዴታውን መፈጸም የማይቻል ሲሆን፥ ወይም ሌላው ወገን አልፈጽምም ብሎ ቍርጡን ሲናገር ነው። ከዚህ ውጭ በራሱ ሥልጣን ውሉን የሰረዘ ሰው ራሱ ውል አፍራሽ ሆኖ እንዳይገኝ ይጠንቀቅ።

ውሉ ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውል ከመዋዋላቸው በፊት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ቅድሚያ ክፍያ የተቀበለ ይመልሳል፤ ጆንያና መድኃኒት የተቀበለም ያስረክባል። ከአፈር የገባ ዘርና የተበተነ ማዳበሪያ ግን ተመልሶ ሊለቀም ስለማይችል፥ በዋጋው ታስቦ በገንዘብ ይተካል። ነጋዴ ዘር ሰጥቻለሁና በማሳው ላይ ያለው ሰብል ሁሉ የእኔ ነው ቢል፥ ይህ ከሕግም ከውልም የማይገኝ ነገር ነው።

ኪሣራ ከግድ አፈጻጸምም ከመሰረዝም ጋር፥ ወይም ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። ልኩ፥ ውሉ ባለመፈጸሙ በአእምሮው ሚዛናዊ የሆነ ሰው ሊደርስ ይችላል ብሎ የሚገምተው ጉዳት ነው። ነገሩ በቍጥር ይበልጥ ይገባልና ለምሳሌ እንዲህ ይታሰብ። አንድ ገበሬ 40 ኩንታል ገብስ እያንዳንዱን በ4,000 ብር ሊያስገባ ተዋውሎ፥ በታኅሣሥ ገበያው 4,600 ብር ሲሆን ለሌላ ሸጠው። ነጋዴው ያን ጊዜ ከገበያ ቢገዛ በኩንታል 600 ብር ይጨምራል፤ ሁሉም ተደምሮ 24,000 ብር ይሆናል፤ የመጓጓዣ ትርፍ ወጪ ካለ ይጨመራል። ነጋዴው ግን ሳይገዛ ቈይቶ በግንቦት ዋጋው 5,500 ብር በደረሰ ጊዜ፦ 60,000 ብር ከሰርሁ ቢል አይቀበሉትም። ሕጉ በአንቀጽ 1802 ተበዳዩም ቢሆን ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለውን ማድረግ አለበት ብሎ አዝዟልና። ለገበሬውም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ከማስጠንቀቂያ በኋላ ያላነሣውን 40 ኩንታል ገበሬው ለሌላ በ3,700 ብር ቢሸጠው ልዩነቱን 12,000 ብርና የማስቀመጫውን ወጪ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በእልኽ በጎተራ አስቀምጦ ነቀዝ ቢያስበላው የእህሉን ዋጋ ሁሉ ከነጋዴው አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አያድርግ።

ነጋዴው እህሉን ተረክቦ ገንዘቡን ያዘገየ እንደ ሆነ፥ ሕጋዊው ወለድ በዓመት ከመቶ 9 ነው። በዚያው ምሳሌ 160,000 ብር ለስድስት ወር ቢዘገይ 7,200 ብር ይታሰባል፤ ገበሬው ጉዳቱን በማስረጃ ማስረዳትም አያስፈልገውም። ይህ ወለድ የሚቈጠረው በማስጠንቀቂያ ጥፋተኛ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ፥ የዚያች ወረቀት ጥቅም እዚህም ይታያል።

ለኪሣራ ተጠያቂ ለመሆን ክፋት ወይም ቸልተኝነት መገኘቱ አያስፈልግም። ባለዕዳው ነጻ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደ ከለከለው ያስረዳ እንደ ሆነ ነው፤ በገጠር ክርክሩ ሁሉ የሚወድቀውም በዚህ ላይ ነው። ሕጉ ከዐቅም በላይ የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ፈጽሞ የሚያግድ ነገር ነው፤ የመሬት መናወጥን፥ መብረቅን፥ የውሃ ሙላትን፥ ጦርነትን፥ የመንግሥት ክልከላን፥ የባለዕዳውን ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም ምሳሌ አድርጎ ይጠራል። የዋጋ መውጣትና መውረድ ግን ከዚህ አይገባም፤ ግዴታውን የሚያከብደው ነገር የሚከለክለው ነገር አይደለምና። ስለዚህ ገበሬው ገበያው ከፍ አለ፥ ነጋዴውም ገበያው ወረደ በማለት ከውሉ አይወጣም። ውል የሚደረገው ለዚሁ ቀን ነው።

ስለ አንበጣ፥ ስለ በረዶና ስለ ድርቅ በየነገሩ መመርመር ያስፈልጋል። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. እንደ ታየው ያለ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአንድ ሌሊት ማሳ ሲያራቍት ገበሬው ሊከለክለው አይችልም። በየሁለትና በየሦስት ዓመት ዝናም በሚጓደልበት ቆላ ግን የዝናም መጓደል ያልታሰበ ነው ለማለት ያስቸግራል። የውሉም ቃል ነገሩን ይለውጠዋል፤ ውሉ ከዚህ ማሳ የሚገኘውን ምርት ብሎ ከወሰነ ማሳው ሲጠፋ ግዴታው ሊፈጸም የማይቻል ይሆናል፤ አርባ ኩንታል ገብስ ብቻ ብሎ ከጻፈ ግን ገብስ በገበያ ሳለ ጠፋ አይባልም። ብዙ ገበሬ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ስለሚፈርም፥ ውል ሲደረግ የወረዳው ባለሙያ ቃሉን ቢመለከትለት ትልቅ እርዳታ ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ገበሬ ደግሞ ወዲያው ለነጋዴው ማስታወቅ አለበት፤ የቀበሌውም ሹምና የግብርና ባለሙያው ማሳው ሳይታረስና ምልክቱ ሳይጠፋ አይተው መጻፍ ይገባቸዋል። ከሦስት ወር በኋላ የተጻፈ ምስክርነት ዳኛን አያረካም።

ስለ ቀብድና ስለ መቀጫ በአጭሩ ይነገር። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ፥ የተቀበለውም ሰው እጥፉን ከፍሎ ከውሉ ሊወጣ ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ ግን ቀብድ አይደለም፤ የዋጋው ክፍል ነውና እጥፍ የለውም። በውሉ ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ስሙ ተለይቶ ካልተጻፈ ክርክር ያመጣል። መቀጫ ተዋዋዮቹ አስቀድመው የሚቈርጡት የኪሣራ ልክ ነው፤ ጉዳት መድረሱ ባይታወቅም ይከፈላል። መቀጫ ለመዘግየት የተወሰነ ካልሆነ በቀር መቀጫውንም የውሉንም አፈጻጸም ሁለቱን በአንድነት መጠየቅ አይቻልም። ከውሉ ከፊሉ የተፈጸመ እንደ ሆነ ዳኛ ሊቀንሰው ይችላል።

የወረዳው ሹም በዚህ ሁሉ ውስጥ ዳኛ አይደለም። ውል ለመሰረዝ፥ እህል ለመያዝ፥ በኬላ ላይ የገበሬን ጆንያ አስወርዶ ለነጋዴ ለማስረከብ ከውል ሕግ የተሰጠው ሥልጣን የለም። ዳሩ ግን ሊሠራው የሚችለው ሥራ ከዳኛው የሚቀድም ነው። አቤት ባዩ ሲመጣ ውሉን ያንብብ፤ የማን ተራ እንደ ነበረ ይለይ፤ ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠ በዚያው ቀን እንዲጻፍ ያድርግ፤ እህሉ ወይም የዘር ወራቱ የማይጠብቅ ከሆነም ጉዳት የሚቀንስበትን መንገድ ያመልክት። ሁለቱ ከተስማሙ ሽማግሌ ያስቀምጡ፤ ሕጉ እርቅንም ግልግልንም ያውቃቸዋል። በእርቅ የተጨረሰ ነገር በሁለቱ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ሆኖ ስለሚጸና፥ በቃል ብቻ እንዳይቀር ተጽፎ ሁለቱ ሊፈርሙበትና ምስክሮች ሊገኙበት ይገባል።

ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ክስ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በ10 ዓመት ይታገዳል። በሽያጭ ውስጥ በዕቃው ጉድለት ምክንያት የሚነሣ ክስ ግን ጉድለቱን ካስታወቁ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የውሉና የማስጠንቀቂያው ቅጂ፥ የሚዛንና የርክክብ ደረሰኝ፥ የማሳ ምርመራ ጽሑፍም ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በወረዳው መዝገብ ቤት ተለይተው እንዲቀመጡ ማድረግ ያስፈልጋል።